ካርድ ክፍል ለምትገቡ እህት ወንድሞቼ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በየቤቱ ጭንቀት ነው። ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ጥግ ይይዛል። ቤተሰብ ዘመድ ያማክራል። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «ለምን ጤና አይማርም? ጤና የተማረ ሥራ አያጣም» ይላል። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። ነርስ መሆን ፈልጌ ነበር፤ ቦታው ሞልቷል ተባልኩና የጤና መረጃ ቴክኒሺያን ላይ ተመዘገብኩ። ሰፈራችን ውስጥ ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተርና ሕክምና አንድ ላይ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ የታካሚ ካርድና የጤና ሪፖርት የሚይዝ ሙያ ነው።

ዛሬ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የመረጃ ክፍል እሠራለሁ። እዚህ ከመድረሴ በፊት ዓመታት ካርድ ክፍል አሳልፌያለሁ። ከዚያም በፊት ትምህርቱ ራሱ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመዝገብ ለሚያስቡ ልጆች፣ ለወላጆቻቸውና አሁን ካርድ ክፍል ቁጭ ብለው «ለዚህ ነው የተማርኩት?» ለሚሉ ነው። ሐኪም ወይም ነርስ ሳይሆኑ ሆስፒታል ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር መሥራት ይቻላል። መንገዱን ግን ቀድሞ የሚያሳይ ሰው እምብዛም የለም።

ከኮሌጁ ልጀምር። የተመዘገብኩበት የግል ኮሌጅ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ፈቃድ ነበረው። ያየው ሁሉ አመነ። እናቴም እቁብ ደርሷት በዚያው ገንዘብ ከፈለች። ተምረን ጨረስን፤ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ ለመፈተን ስንሄድ ግን ስማችን የለም። ለካ ፈቃዱ የተሰጠው ለሌላ ካምፓስና ለሌላ የትምህርት ዘርፍ ነው። ኮሌጁ «ይስተካከላል» እያለ አመላለሰን። አልተስተካከለም። አብረውኝ ከተማሩት መካከል ተስፋ ቆርጠው ወደ አረብ አገር የሄዱ አሉ። እኔ በመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንደገና ከመጀመሪያው ተማርኩ። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ወላጆች፣ አደራ። የመመዝገቢያ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፈቃዱ ለዚህ ካምፓስ ነው ወይ? ለዚህ የትምህርት ዘርፍና ለዚህ ደረጃ ነው ወይ? የዘንድሮ እድሳት አለው ወይ? መልሱን ከኮሌጁ ጸሐፊ አትቀበሉ። ፈቃድ የሰጠው የክልሉ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ስሙን ከዝርዝር ላይ እዩ። ሌላው መንገድ ቀላል ነው፤ ባለፈው ዓመት ከዚያው ክፍል የተመረቀ ልጅ ፈልጉና ሲኦሲ ተፈትኖ እንደሆነ ጠይቁት። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። እኛ ደረሰኝ ያልነበረን ሰዎች መብታችንን መጠየቂያ እንኳ አጣን።

ሲኦሲው ራሱ አያስፈራም። የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው። በተግባሩ ብዙ ልጆች የሚወድቁት ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ በኮሌጁ ላብራቶሪ ሰዓት ብቻ አይበቃውም። ጎረቤት ለምኑ፣ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ በነፃ አግዙ፣ ብቻ እጃችሁ ይለማመድ። በተለይ ኤክሴል። ወደፊት ከካርድ ክፍል የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ጋወን በካውያ ተኩሼ ለብሼ ሄድኩ። የተሰጠኝ ቦታ አንድ ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈ ሕዝብ በዚያች መስኮት ላይ ተደርቧል። መደርደሪያው ሞልቶ ካርድ መሬት ላይ በማዳበሪያ ተቀምጧል። የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ አይጣል ነው፤ ከገጠር የመጣው ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ ጉዞ ሊጨርስ ስለሚፈልግ ግቢው ይጨናነቃል። ካርድ ፍለጋ ላይ ያለው ሠራተኛ ይጮሃል፣ ታካሚው ይጮሃል፣ ከውስጥ ሐኪሙ «ካርድ የለም እንዴ?» እያለ ይልካል። ማታ ቤት ስገባ አፍንጫዬ ውስጥ ጥቁር አቧራ ነበር።

ከድካሙ ይልቅ ያመመኝ አነጋገሩ ነው። «ካርድ አቀባዮች» ነው የምንባለው። ስብሰባ ላይ ስለ ታካሚ እንግልት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው እኛ ላይ ነው፤ ሥልጠና ሲመጣ ግን ስማችን አይነሳም። አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ተሰብረው ሥራውን በንዴት መሥራት ጀመሩ። ታካሚው «ልጄ፣ ተራዬ አልደረሰም ወይ?» ሲል ቀና ብለው አያዩትም። ይህን ስል ልፈርድባቸው አይደለም። ሰው ሲናቅ ንቀቱን ከሱ በታች ወዳለው ያወርደዋል። ከታች ያለው ደግሞ ከቆላ በእግሩ የመጣው ታካሚ ነው።

እኔን ያተረፈኝ አብሮን የሚሠራ አንድ አዛውንት ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ በድሮው አሠራርም ሠርቷል፤ ያኔ ለእናቶች ክትትል ሌላ ካርድ፣ ለቲቢ ሌላ፣ ለተመላላሽ ሌላ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቦታ ሦስት ታሪክ ይኖረዋል። ኋላ ላይ በጤና መረጃ ሥርዓት ማሻሻያው ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎልደር የሚል አሠራር መጣ። ጋሼ ይህ ለውጥ ምን እንዳዳነ በዓይኑ አይቷል። ለዚህ ነው ካርድ መሬት ወድቆ ሲያይ የሚንገበገበው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የቀጠሮ ካርዳቸውን ጥለውታል። መስኮቱ ላይ ሰልፍ ስለበዛ አዲስ ካርድ ተከፈተላቸውና ገቡ። የዚያን ጊዜ ልማዱ ይህ ነበር፤ የጠፋን ከመፈለግ አዲስ መክፈት ይፈጥናል። ጋሼ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ልጅቷን ኮሪደር ላይ አገኛትና «እናትሽ ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?» አላት። «አዎ፣ ያኔ መርፌ ተወግተው ሰውነታቸው ያበጠ ጊዜ» አለች።

ጋሼ ሌላ ነገር አልጠየቀም። የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥሩ በትንንሽ ካርድ ተጽፎ ወደሚቀመጥበት የስም ማውጫ ሳጥን ሄደ። «ዘሐራ» በሚለው ፈለገ፤ የለም። «ዘሃራ» ብሎ ፈለገ፤ የለም። «ያኔ ማን ነበር ያመጣቸው?» ብሎ እንደገና ልጅቷን ጠየቀ። አጎቷ ነው። አጎትየው ስሙን «ዛህራ» ብሎ አስጽፎ፣ በአባት ስም ቦታ የአያት ስም ሰጥቷል። በዚያ ሲፈለግ ካርዱ ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ተጽፏል። «ሩጪ» አለኝ። ሮጥኩ። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት የዚያው ወገን ነበር፤ ከፋርማሲ እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው። ካርዱን አየና ዝም ብሎ ትዕዛዙን ሰርዞ ሌላ ጻፈ።

ስመለስ ጋሼ አዲሱን ካርድ ከአሮጌው ጋር እያዋሐደ ነበር። አዲሶቹን ገጾች በአሮጌው ፎልደር ውስጥ አስገባ። አዲሱን ቁጥር መዝገቡ ላይ ሰረዘና አጠገቡ የአሮጌውን ቁጥር ጻፈ። ማውጫው ላይ ደግሞ ስማቸውን በሦስቱም አጻጻፍ በሦስት ካርድ አስገባና ሦስቱንም ወደ አንድ ቁጥር መራቸው። ሲጨርስ «በይ አሁን ሻይ ጋብዢኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ከጋሼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ዋናው የስም ነገር ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ሰይድ፣ ሠይድ፣ ሰኢድ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰይድ አሊ መሐመድ ደግሞ በአንድ ወረዳ ብዙ አለ። ዕድሜም በግምት ነው። ስለዚህ «ስም?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ቀበሌ ከነጎጥ፣ ካለ ስልክ ጠይቁ። ለልጅ የእናት ስም ጨምሩ። በቤት የሚጠሩበት ሌላ ስም ካለ እሱንም። ከዚያ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። ይህ ሁሉ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የሚፈጀው። አዲስ ካርድ ከመክፈታችሁ በፊትም ሁልጊዜ «ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?» በሉ። ብዙ ሰው አዲስ ካርድ ከተከፈተለት ቶሎ የሚገባ ስለሚመስለው «አላውቅም» ይላል። «አሮጌው ካርድ ከተገኘ ሐኪሙ በደንብ ያይዎታል» ስትሉት ግን ያስታውሳል።

ቀጥሎ ትሬሰር ካርድ። ኮሌጅ ውስጥ ለፈተና የሸመደድነው፣ ሥራ ላይ ግን ሁሉም የሚንቀው ነገር ነው። ፎልደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ጠንካራ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥሩ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንደወሰደውና ቀኑ ይጻፋል። ሲመለስ ወረቀቱ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። እኛ ጋ ካርድ «ጠፋ» ሲባል አብዛኛው የተቀመጠው በሐኪም መሳቢያ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ለጥናት በወሰደ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካርዱ አልጠፋም፤ የሄደበት ነው ያልተጻፈው። ትሬሰር በሥነ ሥርዓት መጠቀም ስንጀምር ማታ ማታ ከየክፍሉ ያልተመለሰውን በስም እየጠራን መሰብሰብ ቻልን። ይህን ለማድረግ በጀት አልጠየቅንም። ባዶ ካርቶን ቆርጠን ነው የሠራነው።

አሁን ስለ ምስጢር። ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ካርድ ክፍል ስትሠሩ የከተማው ሰው ሁሉ ሕመም እጃችሁ ላይ ነው። ጎረቤታችሁ፣ የሰፈራችሁ ባለሱቅ፣ የቀድሞ መምህራችሁ። አንድ ቀን አንድ የማውቀው ሰው መጥቶ በመስኮት «እህቴ ልታገባው ነው፣ የልጁን የኤችአይቪ ውጤት ብቻ እይልኝ» አለኝ። ብርም በእጁ ይዟል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ለእህቱ ፈርቶ ነው። «ወንድሜ፣ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ የእህትህን ካርድ አሳዪኝ ቢለኝ ምን እንድለው ትፈልጋለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሁለቱ አብረው መጥተው በፈቃዳቸው መመርመር እንደሚችሉ፣ የምክር አገልግሎቱ የት እንዳለ አሳየሁት። እንዲህ ያለ ሰው ስታባርሩት ሌላ መስኮት ይሞክራል። ትክክለኛውን በር ስታሳዩት ግን ይሄዳል።

ምስጢር የሚወጣው ግን በብር ብቻ አይደለም። በጩኸትም ይወጣል። መስኮት ላይ ቆሞ የክፍሉን ስም ጠርቶ «የኤአርቲ ካርድ የማን ነው?» ማለት፣ ኤአርቲ የኤችአይቪ ሕክምና ነውና፣ አንድን ሰው በሰልፉ ሁሉ ፊት ማጋለጥ ነው። በቁጥር ጥሩ። ፎልደሩ ላይ ከውጭ በሽታውን የሚያሳይ ምልክት አታድርጉ። ፖሊስ ወይም ጠበቃ መጥቶ ካርድ ቢጠይቅ በእጃችሁ አትስጡ። በደብዳቤ ለአስተዳደር ይጠይቅና ከዚያ ተመርቶ ይምጣ። «ሻይ መጠጫ» የሚባለውንም ከመጀመሪያው ቀን እምቢ በሉ። ተራ ለመቅደም የተቀበላችሁት ብር የሌላ እናት ተራ ነው።

መስኮት ላይ የምትቀመጡ ሰዎች ስለ ክፍያ ማወቅ የሚገባችሁም አለ፤ ታካሚው የመጀመሪያ ጥያቄውን የሚጠይቀው እናንተን ነውና። በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድና የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በነፃ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የካርድ ብር አጥታ በር ላይ እንዳትመለስ። ድንገተኛ ታካሚ ደግሞ መጀመሪያ ይታከማል፤ ካርዱ ከኋላ ይደርሳል። ማንነቱ ሳይታወቅ የመጣም ቢሆን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ ሲታወቅ ይሞላል።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም አለ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ዛሬ በብዙ ወረዳ ደርሷል። አባሉ ደብተር ይዞ ይመጣል። ሁለት ነገር እዩ፤ የዓመቱ መዋጮ መታደሱንና ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መኖሩን። አንዱ ሲጎድል ሰውየው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ይተርፋል። ብዙ አዛውንት «መድን አለኝ» ብለው ከጤና ጣቢያ ሳያልፉ ቀጥታ ሆስፒታል ይመጣሉ። ተቆጥታችሁ አትመልሷቸው። የትኛው ጤና ጣቢያ ሄደው ምን እንደሚያስጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጻፉላቸው። ማንበብ ባይችሉ እንኳ ለሚያነብ ያሳያሉ።

ጤናችሁንም ጠብቁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሳል ነው ያሳለፍኩት። አሮጌ ካርድ ስታወርዱ ማስክ አድርጉ፤ መደርደሪያውን በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በእርጥብ ጥረጉ። መስኮቱ ፊት ለፊት የሚያስል ሰው ይቆማል፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ነፋስ ያግኝ። በሰልፉ ውስጥ ሲያስል የምታዩትን ሰው ቀድማችሁ ወደ ልየታ ክፍል ምሩት። ይህ ለእናንተም፣ ሕፃን አዝላ ከኋላው ለቆመችውም ነው። የወገብ ሕመም የሚመጣው ደግሞ ከታችኛው መደርደሪያ ነው። ተጎንብሳችሁ አትፈልጉ፤ ዝቅ ያለ በርጩማ አስገቡና ተቀመጡበት።

ከካርድ ክፍል ወደ ሪፖርት የተሸጋገርኩት እንዲህ ነው። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። ሪፖርት በሚዘጋበት ሰሞን የመረጃ ክፍሉ ሰዎች ይጨናነቃሉ። ከየክፍሉ መዝገብ ይሰበስባሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው የኮምፒውተር የጤና ሪፖርት ሥርዓት ላይ ያስገባሉ። እኔ ከሥራ ሰዓት በኋላ «ላግዛችሁ?» እያልኩ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ መዝገብ ማንበብ ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ቆጠራው ላይ ጭረት ያደርጋል። እያነበብኩ ግን ነገሩ ገባኝ። የወሊድ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም። አንዱ ምክንያት በሌሊት የወለዱ እናቶች ጠዋት ላይ ሳይመዘገቡ መውጣታቸው ነው።

ይህን የሚያጣራ ዘዴ አለ፤ ኤልኪውኤኤስ ይባላል። ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ወደ መዝገቡ ተመልሶ ይቆጠራል። ስንቱ እንደገጠመ ታይቶ የመረጃው ትክክለኛነት ደረጃ ይሰጠዋል። ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። እኔ የወሊድ ክፍሏን ኃላፊ ሄጄ ሳልወቅስ «እትዬ፣ የሌሊቶቹ ለምን እንደሚያመልጡን አብረን እንይ» አልኳት። ከሳሽ እንደመጣባት ሳይሆን ሥራዋን እንደሚረዳ ሰው ተቀበለችኝ። የሌሊት ተረኞች ከመውጣታቸው በፊት መዝገቡን እንዲፈራረሙ አደረገች። በዚያው ሰሞን የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የመረጃ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲከፈት እንድወዳደር ነገረኝ።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚሳሳቱትን አያለሁ። ዕድገት ሲፈልጉ ለመቀየር ማመልከቻ ብቻ ያስገባሉ። ማመልከቻው ፋይል ውስጥ ይቀራል። የሚቀጥለውን ወንበር ሥራ አሁን ካለው ወንበራችሁ ሆናችሁ ልመዱ። ሊያዞን ኦፊሰር፣ ማለትም የአልጋና የሪፈር አስተባባሪ፣ መሆን የሚፈልግ የአልጋ ድልድልና የሪፈር አሠራሩን ይወቅ፤ ከሌላ ሆስፒታል ጋር በስልክ ተነጋግሮ ታካሚ ማስተላለፍን አብሮ ቆሞ ይመልከት። ፋይናንስ የሚስበው የመድን ሒሳብ እንዴት ተሰብስቦ እንደሚጠየቅ ይማር። ሰው ማስተናገድ የሚችል ሰው በታካሚ ቅሬታ በኩል ያድጋል። ለትምህርት የሚጓጓ ደግሞ ጤና ኢንፎርማቲክስ በዲግሪ አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ያስተምራሉ። የሆስፒታል አስተዳደርም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በፈረንጆቹ 2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ሆስፒታል መምራት የተማረ ሰው ሥራ ነው መባል ጀምሯል። እኔ ዲግሪዬን በኤክስቴንሽን ቅዳሜና እሁድ ነው የያዝኩት። ከባድ ነበር። ልጄን እናቴ ባትይዝልኝ አይሆንም ነበር።

ስለ ደመወዝ ሳልዋሻችሁ ልንገራችሁ። ትንሽ ነው። ኑሮው ሲወደድ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሥራ ስትይዙ የትርፍ ሰዓት አሠራሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሠራችሁበትን ቀን በራሳችሁ ደብተር ያዙ፣ ተረኛ ኃላፊውን አስፈርሙ። ክፍያው ሲመጣ ያለ ጭቅጭቅ የምትቀበሉት እንዲህ ስታደርጉ ነው። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ለጥቂት ቀን ብቻ ይቆያል። ጠዋት ስትገቡ ሰሌዳውን የማየት ልማድ ይኑራችሁ። የሥራ አፈጻጸም ውጤታችሁንም በየጊዜው ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ስትወዳደሩ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ለምን አልሄድኩም? መልሱ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው። ጠዋት ከመጡት የመጨረሻዋ እናት በሰዓቱ ገብታ ከሰዓት በፊት መኪና ስትይዝ አውቃለሁ። በሪፖርት የታየ የወባ ጭማሪ መድኃኒት በጊዜ እንዲጠየቅ ሲያደርግ አይቻለሁ። ያ ቁጥር የተነሳው ከእኔና ከጓደኞቼ እጅ ነው። ማንም ስማችንን አይጠራም፤ ግን እናውቀዋለን። ጽዳት የሚሠሩት እህቶቻችን፣ ካርድና ታካሚ የሚያመላልሱት ራነሮች፣ ልብስ ማጠቢያ ያሉት፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃም እንዲሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጨርቅ በሰዓቱ ካልታጠበ ቀዶ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ነው የሚቆመው። አዲስ ስትገቡ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተዋወቁ። ግቢውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ብዙ ሆስፒታሎች ካርዱን ወደ ኮምፒውተር እያዛወሩ ነው። «እንግዲህ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አያስፈልግም» የሚል ወሬ ስለምሰማ አንድ ነገር ልበል። ማሽኑ ዘሐራንና ዛህራን በራሱ አያገናኝም። ሁለት ጊዜ የተከፈተ ካርድ ኮምፒውተር ላይም ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ ያውም በፍጥነት። ስለዚህ ሽግግሩ ከመጀመሩ በፊት የወረቀት ማውጫችሁን አጽዱ፣ ድርብ ቁጥሮችን አዋህዱ። ሥልጠናው ሲመጣ ከፊት ተቀመጡ፣ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የምትሞሉት የወረቀት ቅጽ በመስኮቱ አጠገብ ይኑር። መብራት ሲመለስ የተሞላውን በዚያው ቀን አስገቡት፤ ካደረ ይረሳል። ከተገባ በኋላ የማን እጅ እንዳስገባው ቅጹ ላይ ፈርሙና በቀን አስራችሁ አስቀምጡ።